ጋቢናው ለጊዜው ባዶ ይሁን፦ ሪኮል የወጣበትን መኪና ጥገናው እስኪደርስ እንዴት እንያዘው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፉት ወራት ከጎጃም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ የሚነሡት ከአንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሪኮል የወጣበት፣ ማለትም አምራቹ ራሱ ጉድለት እንዳለበት አምኖ በነፃ ሊጠግነው የጠራው፣ ጥገናው ግን በጊዜው ያልደረሰ የቤት መኪና ነው። የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ችግር የብዙ ቤተሰብ ችግር ስለሆነ ሰፊውን ቦታ ለእርሷ ሰጥተናል። ጠያቂዎቻችን የመኪኖቻቸውን ዓይነትና የሄዱባቸውን ድርጅቶች ስም ቢነግሩንም፣ ሌላው ወገን ቃሉን ያልሰጠበት ነገር ስለሆነ ስሞቹን አላወጣናቸውም።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ መምህርት ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ከባለቤቴ ጋር ያጠራቀምነውን ገንዘብና የደረሰንን ዕቁብ አንድ ላይ አድርገን፣ ከዱባይ የመጣች አንዲት ያገለገለች ትንሽ መኪና ከግለሰብ ገዛን። ሦስት ልጆች አሉን፤ የመጨረሻዋ አምስት ዓመቷ ነው። ደብረ ወርቅ የሚኖሩት አባቴም ለሕክምናና ለበዓል ሲመጡ የምናመላልሳቸው በዚህችው መኪና ነው። ባለፈው ዓመት ውጭ አገር የሚኖር ወንድሜ የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ላይ ፎቶ አንሥቼ እንድልክለት ጠየቀኝ፤ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ቢያስገባው የጋቢናዋ ኤርባግ ሪኮል የወጣበት ሆኖ አገኘው። ደንግጠን አዲስ አበባ ወደሚገኘው አስመጪ ሄድን፤ ቁጥሯን መዝግበው “ዕቃው ሲገባ እንደውልላችኋለን” አሉን። ይኸው ዐሥራ ሦስት ወር ሆነ። ሦስት ጊዜ ደውለን ያገኘነው መልስ ያው ነበር፤ በአራተኛው ግን መኪናዋን ያስገባት ሌላ ሰው ስለሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ከእነርሱ ለገዙ ደንበኞች መሆኑን ነገሩን። ቦሎ ልናድስ ስንሄድ ደግሞ ምርመራውን ያለ ምንም ችግር አለፈች። እኛ ግን እንቅልፍ አጥተናል። ወንድሜ ዕቃውን ገዝቶ ቢልክልን ይሻላል? ወይስ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሌላ ኤርባግ እንግዛ? አባቴንስ ምን ልበላቸው? በእኛ ቤት ጋቢና የሽማግሌ ቦታ ነው፤ እርሳቸውን ከኋላ አስቀምጬ እኔ ከፊት ብሆን ሰው ምን ይለኛል? (ወ/ሮ ት.፣ ደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ አስቸኳዩን አስቀድመን እንናገርና ምክንያቱን ከዚያ በኋላ እናስረዳለን። ጥገናው እስኪፈጸም ድረስ በጋቢናው ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥ፤ አባትዎም፣ ልጆችዎም፣ እርስዎም፣ መንገድ ላይ የምታሳፍሩት ጎረቤትም። በላኩልን ፎቶ ላይ እንዳየነው ማስጠንቀቂያው የሚመለከተው የጋቢናውን ኤርባግ ብቻ ነው፤ የሾፌሩ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ “መኪናውን መንዳት አቁሙ” የሚል ቃልም አልተጻፈበትም። ስለዚህ መኪናዋን በሾፌሩና በኋላው ወንበር ብቻ እየተጠቀሙ መቆየት ይችላሉ። አምስት የቤተሰብ አባላት ስትሆኑ አንድ ሰው በባጃጅ መከተል እንደሚኖርበት፣ አባትዎ ሲጨመሩም ምልልሱ ሁለት ጊዜ እንደሚሆን እናውቃለን፤ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ከዚህ የቀለለ ታማኝ ምክር የለንም።

ምክንያቱ እነሆ። ከዳሽቦርዱ ውስጥ ከተጣጠፈው የኤርባጉ ከረጢት ሥር አንድ የብረት ሲሊንደር አለ፤ እኛ እዚህ ማንፊያ እንለዋለን። በውስጡ በእንክብል መልክ የተጠቀጠቀ ኬሚካል ይገኛል፤ ግጭት ሲደርስ ይህ ኬሚካል ተለኩሶ በሚያመነጨው ጋዝ ከረጢቱ ከዐይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ይነፋል። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለዚህ ሥራ የመረጠው አሞንየም ናይትሬትን ነበር፤ በማዳበሪያነትና ድንጋይ በሚፈለጥባቸው ሥፍራዎች በፈንጂነት የሚያገለግለው ያው ኬሚካል ማለት ነው። በብዙዎቹ ማንፊያዎቹ ውስጥም እርጥበት የሚመጥ ነገር አልጨመረባቸውም። ማዳበሪያ እርጥበት እንደሚስብ ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም፤ አፉ ሳይታሰር የከረመ ጆንያ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። በማንፊያው ውስጥም ለዓመታት ጥቂት በጥቂት የገባው እርጥበት ከቀን ሙቀትና ከሌሊት ቅዝቃዜ መፈራረቅ ጋር ተደርቦ እንክብሎቹን እያላላ፣ እየሰነጣጠቀ፣ ወደ ብናኝ ያስጠጋቸዋል። ወፍራም ግንድ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ያው ግንድ ተፈልጦ ጭራሮ ሲሆን ግን ባንድ ጊዜ ቦግ ይላል። የላላውም ኬሚካል እንዲሁ ከተገቢው በላይ ፈጥኖ ይነዳና የጋዙ ግፊት ብረቱን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥርጣሪውም ከረጢቱን በስቶ በቀጥታ የሚሄደው ከፊቱ ወደ ተቀመጠው ሰው ፊት፣ አንገትና ደረት ነው። ሰው ሊተርፍበት በሚችል ቀላል ግጭት የሞቱት ሰዎች የሞቱት በዚህ ነው።

ጉዳዩ የታወቀው ዛሬ እንዳልሆነ ማወቅዎ መዘግየቱን ለመረዳት ይጠቅማል። ሆንዳ የመጀመሪያውን ሪኮል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን የመኪኖቹ ቁጥር ጥቂት ሺህ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ቶዮታ፣ ኒሳን፣ ፎርድ፣ ቢኤምደብሊውና ሌሎችም እየተጨመሩ ሄደው በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን፣ በዓለም ዙሪያ ደግሞ ወደ 100 ሚሊዮን የሚደርሱ ማንፊያዎች እንዲለወጡ ተወሰነ። በአሜሪካ ብቻ የሞቱት ሰዎች ከ25 በላይ ናቸው። ታካታ እ.ኤ.አ. በ2017 ጥፋቱን በፍርድ ቤት አምኖ በዚያው ዓመት የኪሳራ አቤቱታ አቀረበ፤ የመተኪያውን ዕቃ የማምረቱ ሸክምም በተቀናቃኞቹ ላይ ወደቀ። ይህን ያህል ዕቃ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ፋብሪካ በዓለም ላይ ስላልነበረ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች አገራቸውን በሙቀትና በእርጥበት ደረጃ ከፋፍለው ሞቃታማና እርጥብ ለሆኑት ግዛቶች ቅድሚያ ሰጡ። እንደ እርስዎ ያለች፣ በአንድ አገር ገበያ ተሸጣ በሌላ አገር የምትነዳ መኪና የምትገኘው በዚህ ረጅም ወረፋ ጫፍ ላይ ነው።

እንግዲህ “ዕቃው የለም” የሚለው መልስ በራሱ ሐሰት ላይሆን ይችላል። እኛን ያሳዘነን ሌላው ነው፤ በዐሥራ ሦስት ወር ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ “ጋቢናው ላይ ሰው አታስቀምጡ” ብሎ የነገረ አንድም ሰው አለመኖሩ። ይህን ለመናገር መለዋወጫ አያስፈልግም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የዕቃ እጥረት በተፈጠረ ጊዜ ቶዮታ መተኪያው እስኪደርስ ድረስ የጋቢናውን ኤርባግ በራሱ ባለሙያዎች ከሥራ ውጭ አድርጎ በዚያ ወንበር ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ያሳስብ ነበር። የእርስዎም አስመጪ ቢያንስ ይህንኑ ማለት ነበረበት።

ደብረ ማርቆስ ደጋ ስለሆነ አደጋው አይመለከተንም ብለው እንዳያስቡም እንለምናለን። ቀዝቃዛ አየር የኬሚካሉን መበላሸት እንደሚያዘገየው እውነት ነው፤ ነገር ግን መኪናዋ ወደ እናንተ ከመምጣቷ በፊት በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ፣ ሙቀቱም ወበቁም በሚበረታበት አየር ስንት ክረምትና በጋ እንደቆመች አስቡት። በማንፊያው ውስጥ የደረሰው ጉዳት ደጋ ስለወጣ አይመለስም።

የቦሎውን ነገር በአጭሩ እንለፈው፤ ዓመታዊው ምርመራ ፍሬንን፣ መሪን፣ መብራትንና ጎማን ይመለከታል፤ የታሸገ ማንፊያ ውስጥ ያለ ኬሚካል በየትኛውም ምርመራ ጣቢያ አይታይም። ቦሎ ማለፏ ለዚህኛው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ወንድምዎ ዕቃውን ገዝተው በሻንጣ እንዲልኩት የሚለው ሐሳብ ከመልካም ልብ የመጣ ነው፤ ግን አይቻልም። የኤርባግ ማንፊያ በማጓጓዣ ሕግ ከአደገኛ ዕቃዎች ጋር የሚመደብ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ አይያዝም። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የሚገዛው ኤርባግ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከእርስዎ መኪና ጋር ዕድሜዋና ሞዴሏ ከተመሳሰለ መኪና የተነቀለ ስለሚሆን፣ ያንኑ የታመመ ማንፊያ በራስዎ ገንዘብ መልሰው ማስገጠም ይሆናል።

ወደ አስመጪው ስንመለስ፣ ከእንግዲህ በስልክ ብቻ አይወሰኑ። ደብዳቤ ይጻፉ። በደብዳቤው ላይ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሪኮሉን መለያ ቁጥር፣ መጀመሪያ የተመዘገባችሁበትን ቀንና የደወላችሁባቸውን ቀናት አስፍረው ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ዕቃው ታዝዟል ወይስ አልታዘዘም፣ ከታዘዘ በየትኛው ቀን፣ እስከዚያ ድረስስ የጋቢናውን ኤርባግ በእነርሱ ባለሙያ ከሥራ ውጭ አድርገው በጽሑፍ ያረጋግጣሉ ወይ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው ሄደው በአንዱ ላይ ማኅተምና ቀን ያስደርጉበት። “ያላስገባነው መኪና ነው” የሚለውን መልስም በጽሑፍ እንዲሰጡዎ ይጠይቁ፤ በጽሑፍ የተሰጠ እምቢታ ቀጥታ ለአምራቹ ዋና መሥሪያ ቤት ወይም መኪናዋ መጀመሪያ ለተሸጠችበት አገር ወኪል ሊላክ ይችላል፤ እነርሱ ዕቃውን ለአዲስ አበባው ድርጅት እንዲልኩ የመወሰን ሥልጣን አላቸው። ሪኮል የሚከተለው መኪናውን እንጂ ባለቤቱን ስላልሆነ መኪናዋን ከሁለተኛም ከሦስተኛም እጅ መግዛታችሁ የነፃ ጥገና ጥያቄያችሁን ዋጋ አያሳጣውም።

በሕግ በኩል የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለ ዕቃው በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ቅሬታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ይዘው አቤቱታዎን ለንግድ መሥሪያ ቤቶች ማቅረብ ይችላሉ። መኪናዋን ከሸጠላችሁ ግለሰብ ጋር መካሰሱን ግን አንመክርም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ቢያስገድድም፣ ገዢው መርምሮ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅም ያዛል፤ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ያውም ሻጩ ራሱ ባላወቀው ነገር፣ የሚገኘው ትርፍ ኪሳራ ብቻ ይሆናል።

ስለ አባትዎ የጻፉት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ነክቶታል። ጋቢናን ለሽማግሌ መልቀቅ የአክብሮት ምልክት መሆኑን እናውቃለን፤ የንስሐ አባት ሲሳፈሩ፣ እናት ከሐኪም ቤት ስትወጣ ማንም ሳይነገረው ወደ ኋላ ወንበር ይሄዳል። እንግዲህ ለአባትዎ እውነቱን እንዳለ ይንገሯቸው፤ “አባባ፣ ከፊት ያለው ዕቃ ተበላሽቶ ሰው ሊጎዳ ይችላል፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው አምነዋል፣ ስለዚህ እስኪሠራ ድረስ እኔም አልቀመጥበትም” ይበሏቸው። የመጨረሻው ሐረግ ዋናው ነው። ወንበሩ ለእርስዎም ለባለቤትዎም ባዶ ከሆነ፣ እርሳቸው ከኋላ በቀኝ በኩል በሩ ተከፍቶላቸው ከገቡና ቀበቶው በጋቢያቸው ላይ በደንብ ከታሰረላቸው፣ ክብራቸው አልተነካም። ጋቢናው ላይ የትምህርት ቤት ቦርሳዎችን ወይም የገበያ ዘንቢል ያስቀምጡበት፤ ባዶ ወንበር ሰው ይጋብዛል፤ ዕቃ የያዘ ወንበር ግን አያከራክርም።

ከዚህ ጋር ሳንናገር የማናልፈው አንድ ነገር አለ። የአምስት ዓመቷ ልጅዎ ከሪኮሉም ጥገና በኋላ ቢሆን ጋቢና ላይ፣ በተለይም በሰው ጭን ላይ፣ አትቀመጥ። ጤነኛ ኤርባግ እንኳን የሚነፋው ለአዋቂ ሰው ደረት ተለክቶ ነው፤ በጭን ላይ ያለች ሕፃን ጭንቅላቷ የሚገኘው ኤርባጉ በሙሉ ኃይሉ በሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። በየከተማችን አስፋልት ላይ ሕፃን አቅፈው ጋቢና የተቀመጡ እናቶችን በየቀኑ እናያለን፤ ባየን ቁጥርም እንሳቀቃለን።

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም በንግድ ሥራ እተዳደራለሁ። የመኪናዬ የኤርባግ መብራት በዳሽቦርዱ ላይ በርቶ አልጠፋ ካለ ሁለት ወር ሆነው። የማምነው መካኒክ “ሪኮል ምናምን እያልክ አዲስ አበባ ድረስ አትንከራተት፤ ፊውዙን ነቅዬ መብራቱንም እንዳይበራ አደርገዋለሁ፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው” ይለኛል። ሥራውን የሚሠራው በነፃ ነው። እሺ ልበለው? (አቶ ገ.፣ ፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እሺ አይበሉት፤ ወዳጅነታችሁን ግን አያጥፉ። መካኒክዎ ያሰበው መልካም ነው፤ የሚያደርገው ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ችግሮችን አንድ ያደርጋል።

የኤርባግ መብራት በርቶ መቅረት ማለት የኤርባጉ ኮምፒውተር በራሱ መስመር ላይ ብልሽት አግኝቷል ማለት ነው። የላላ ማያያዣ፣ ከመሪው ሥር የተበጠሰ የጥቅል ሽቦ፣ ከወንበሩ ሥር በጭቃና በውኃ የዛገ ሶኬት ሊሆን ይችላል። ይህ መብራት በበራ ጊዜ በብዙ መኪኖች ላይ ኤርባጎቹ በግጭት ጊዜ ላይሠሩ ይችላሉ። በሌላ በኩል ሪኮል የወጣበት ማንፊያ መብራት አያበራም፤ ኬሚካሉ ውስጥ ለውስጥ ሲበላሽ ኮምፒውተሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የእርስዎ መኪና ሪኮል ይኑርባት አይኑርባት መብራቱ አይነግርዎትም፤ የሚነግርዎት የሻንሲ ቁጥሩ ነው።

ፊውዙ ከተነቀለ የሾፌሩም፣ የጋቢናውም፣ ካለም የጎኑ ኤርባግ ሁሉ አብሮ ይሞታል፤ በብዙ መኪኖች ላይ በግጭት ጊዜ ቀበቶውን የሚያጠብቀው መሣሪያም እንዲሁ። አንዱን የተጠረጠረ ኤርባግ ፈርቶ ጤነኞቹን ሁሉ ማጥፋት ይሆናል። መብራቱን ማጥፋት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ነገ መኪናዋን የሚገዛዎት ሰው ልጆቹን ጭኖ ኤርባግ አለኝ ብሎ ይነዳል።

መካኒክዎ መስመሩን መመርመር ከፈለገ እንዲህ ይበሉት። የኤርባግ ሽቦዎችና ሶኬቶች በአብዛኛው ቢጫ ናቸው፤ እነዚያን ከመንካቱ በፊት ቁልፉን ያጥፋ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍታ፣ ከዚያም ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቅ፤ ኮምፒውተሩ ባትሪው ከተፈታ በኋላም ኤርባጉን ለማፈንዳት የሚበቃ ኃይል ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይቆያልና። በተራ መመርመሪያ አምፖልም ሆነ በቴስተር የኤርባጉን ሶኬት በፍጹም አይለካ፤ ያቺ ትንሽ ኃይል ማንፊያውን ልታስነሣው ትችላለች። ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ያለው ጋራዥ በባሕር ዳርም በደብረ ማርቆስም ስለሚገኝ መጀመሪያ ኮዱን አስነብበው ይምጡና ጥገናውን መካኒክዎ ይሥራው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ለሥራ ወደ አዲስ አበባ በምመላለስበት ጊዜ መኪናዬ ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ፣ ሁለት ጊዜ ድንገት ጠፋችብኝ። ሩብ ሰዓት ካረፈች በኋላ ትነሣለች። ሦስት ጋራዥ አሳየኋት፤ አንዱ “ነዳጁ ቆሻሻ ነው” አለ፣ ሌላው ካንዴላ ለወጠ፣ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። በኋላ በሻንሲ ቁጥሯ ሳጣራ የነዳጅ ፓምፕ ሪኮል እንዳለባት ተረዳሁ፤ ዕቃው ግን አልመጣም። እስከዚያ ምን ላድርግ? (አቶ በ.፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ የገለጹት ምልክት ከሪኮሉ ጋር ይገጥማል። ዴንሶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለብዙ አምራቾች ያቀረበው የነዳጅ ፓምፕ በውስጡ ነዳጁን የሚገፋ ትንሽ የፕላስቲክ መዘውር አለው። በአንዳንዶቹ ላይ ፕላስቲኩ በበቂ ሁኔታ ጥቅጥቅ ያላለ ስለነበረ ቤንዚን እየመጠጠ ያብጣል፤ ሲያብጥ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ይፋተጋል፤ መጨረሻ ላይም ተይዞ ይቆማል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ቶዮታን ጨምሮ በርካታ አምራቾች በዚህ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ጠርተዋል። ሙቀት ሲበረታ ችግሩ ይጎላል፤ ከደጀን ደጋ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ ወዲያው ዳገቱን በከባድ ጭነት መውጣት ማለት ደግሞ ፓምፑን በሙቀትም በሥራም በአንድ ጊዜ መፈተን ነው። ካረፈች በኋላ መነሣቷም ያንኑ ያመለክታል።

ቁርጡን ለመናገር፣ ሁለት ጊዜ ከጠፋች በኋላ ጥገናው ሳይደረግ በዚያች መኪና የዓባይን በረሃ እንዲሻገሩ አንመክርም። በስተኋላ የጫነ ተሳቢ እየተከተለ በጠባብ መታጠፊያ ላይ የቆመች መኪና ምን እንደምትሆን ያውቁታል። ለከተማ ውስጥ ይጠቀሙባት፤ ለአዲስ አበባው መንገድ አውቶቡስ ወይም አውሮፕላን ይያዙ። የወጪውን ደረሰኝ ይሰብስቡ፤ ለአስመጪው በሚጽፉት ደብዳቤ ላይ መዘግየቱ ያስከተለብዎትን ወጪ ማሳየት ጥያቄዎን ያጠነክረዋል። ለካንዴላውና ለሌላውም ጥገና የከፈሉበትን ደረሰኝ አብረው ያያይዙ። በኢትዮጵያ ይህን ወጪ የሚመልስ አስመጪ ያገኛሉ ብለን ቃል መግባት አንችልም፤ ደረሰኝ የሌለው ጥያቄ ግን ከመጀመሪያውም አይነሣም።

በከተማም ቢሆን ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ የሚሆነውን አስቀድመው ይወቁት። መሪው ይከብዳል፤ ይታዘዛል ግን በሁለት እጅና በሙሉ ኃይል ነው። ፍሬኑን የሚያግዘው አየር ለአንድና ለሁለት መርገጥ ብቻ የሚበቃ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ፍሬኑን ደጋግመው አይምቱት፤ አንድ ጊዜ አጥብቀው ረግጠው እስከምትቆም ድረስ እግርዎን አያንሡ። ፔዳሉ ቢደርቅም ፍሬን የለም ማለት አይደለም፤ በሙሉ የእግር ኃይል ይርገጡት። መኪናዋ ሳትቆም ቁልፉን አይንቀሉ፤ መሪው ይቆለፋል። አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ፣ ቆመው እንዳበቁም የእጅ ፍሬን ስበው ከጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ። ሲሄዱም ታኮውን ከአስፋልቱ ላይ ያንሡ፤ በዚያ መንገድ ላይ የተረሳ ድንጋይ በሌሊት ስንት ሰው እንደጎዳ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ቡሬ ነኝ። ያገለገለች መኪና ልገዛ ነው። ደላላው ሪኮል የለባትም ይላል። ከመክፈሌ በፊት በራሴ ማጣራት የምችለው እንዴት ነው? (አቶ አ.፣ ቡሬ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ፤ ካልተመሳሰለ የቀረውን ሁሉ ትተው ይሂዱ። ቁጥሩ 17 ፊደላትና አኃዞች ካሉት መኪናው በአብዛኛው የተሠራው ከጃፓን ውጭ ላለ ገበያ ነው፤ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ራስዎ ሊያጣሩት ይችላሉ። በ“ጄ” የሚጀምረው በጃፓን የተሠራ ነው። ቁጥሩ አጭር ከሆነና በመካከሉ ሰረዝ ካለው ግን መኪናው ለጃፓን ለራሷ ገበያ የተሠራ ስለሆነ የአሜሪካና የአውሮፓ መፈለጊያዎች አይቀበሉትም፤ ያን ጊዜ ማየት ያለብዎት አምራቹ በጃፓን የከፈተውን መፈለጊያ ነው። “አልተገኘም” የሚል መልስ ከ“ሪኮል የለበትም” ጋር አንድ አለመሆኑን ልብ ይበሉ፤ ብዙ ደላሎች የሚያሳዩት የመጀመሪያውን ነው።

ከዚያ ሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጡና ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። የኤርባጉ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ብቻውን መጥፋት አለበት። ጨርሶ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል። ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ በርቶ ከቆየና ከባትሪው ወይም ከዘይቱ መብራት ጋር እኩል ከጠፋ ደግሞ፣ ሽቦው ከዚያኛው ጋር ተያይዞ ኤርባጉ ያለ ለማስመሰል የተሠራ ሥራ ነው። የጋቢናውን ዳሽቦርድ ሽፋን በጣትዎ ዳሰው የተጣበቀ ወይም ቀለሙ የተለየ ቦታ እንዳለው ይመልከቱ። በሽያጭ ውሉ ላይም “ሻጩ መኪናው ያልተፈጸመ ሪኮል እንደሌለበት፣ ኤርባጎቹም በቦታቸው እንዳሉ ያረጋግጣል” የሚል አንድ መስመር እንዲገባ ይጠይቁ፤ ሻጩ ይህን መስመር ለመፈረም ካመነታ ቀብዱን ከመክፈልዎ በፊት መኪናውን ጋራዥ ያስገቡት።